በወፍጮ ቤቱ መጋዘን የቆመችው ቀይ መኪና

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሆሳዕና ውስጥ አንድ የወፍጮ ቤት መጋዘን ገብቼ የአሮጌ ቀይ መኪና ኮፈን ሥር ተጎንብሼ ነበር። በአንድ እጄ የእጅ ባትሪ፣ በሌላው ማስታወሻ ደብተር ይዣለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የሬዲዮ ዘጋቢ ሆኜ ስለሠራሁ የማየውን ሳልጽፍ ማየት አልችልበትም።

መኪናዋ ጃፓን ሥሪት ናት፤ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጀርባዋ አጭር የስፖርት መኪና። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ታንሳለች። የፋብሪካዋን ስም አልጽፍም። በእኛ መሥሪያ ቤት የንግድ ስም በዜና ውስጥ በነፃ አይጠራም፤ ጡረታ መውጣቴ ልማዱን አላስተወኝም። የሆሳዕና ሰውም ቢሆን በፋብሪካዋ ስም ጠርቷት አያውቅም፤ «የኤርሱሞ ቀይ» ነው የሚላት።

በከተማችን ጡረታ የወጣ ሰው ላም ይገዛል፣ ወይም ጓሮው ላይ የሚከራይ ክፍል ይሠራል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ሩት መኪና ልገዛ እንደሆነ ስነግራት፣

«ለልጅሽ?» አለችኝ።

«ለራሴ።»

«ስንት ሰው ትይዛለች?»

«ሁለት። ሦስተኛው ቀጭን ከሆነ ሦስት።»

«እንግዲያው እኔን ከቁጥር አውጪኝ» አለች ወገቧን ይዛ። «ለመሆኑ ላም ምን አደረገችሽ?»

ላም ምንም አላደረገችኝም። ይህችን መኪና ግን የበደልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊትም እወዳት ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሰው የሚያምነው አንዱን ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ዱራሜ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ቤት ውስጥ ከምባትኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ገበያ ደግሞ ሀዲይኛ እየሰማሁ አደግሁ። ለዘጋቢነት ያበቃኝም ከዲፕሎማዬ ይልቅ ይህ ይመስለኛል። ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ መኪና አንድ ነበር፤ እሱም ለኃላፊዎች ነው። እኛ በእህል ጫኝ መኪና ላይ፣ አንዳንዴም በበቅሎ እንሄድ ነበር። የካሴት መቅረጫው ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ አንድ ቃለ መጠይቅ ያህል ነፍስ ይዘራል። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሆሳዕና ተዛወርኩና አቶ ላምቤቦ የሚባል አርታኢ እጅ ላይ ወደቅሁ። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አቶ ላምቤቦ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ ጠረጴዛውን ከቤቱ ባመጣው ጨርቅ ይጠርጋል፤ ዜና የሚያነበው ቆሞ ነው። ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ጽሑፉን ይለምደዋል ይል ነበር። ቃል አይሰርዝም፤ አይቆጣም። ያላመነው ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው በቀይ እስክርቢቶ ጠርዙ ላይ አንዲት ጥያቄ ይጽፋል፦ «ነካሽው?»

መጀመሪያ የገጠመችኝ ጃጁራ አካባቢ ስለተሠራ ድልድይ በጻፍኩት ዜና ላይ ነው። ድልድዩ ተጠናቆ ለአገልግሎት በቅቷል ብዬ ነበር።

«ደብዳቤው ማኅተም አለው እኮ» አልኩት።

«ደብዳቤው ላይ አህያ ያልፋል?»

«አያልፍም።»

«ሂጂና አህያ ከሚያልፍበት ላይ ቁሚ።»

ሄድኩ። ድልድዩ በእርግጥ አልቋል። ግን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው አፈር አልተሞላም፤ በሁለቱም ጫፍ ሰው በግንድ ላይ እየተንጠላጠለ ነው የሚወጣው። አህያዎቹ እንደ ድሮው ከታች በወንዙ ያልፋሉ። ያየሁትን ጻፍኩ፤ ወር ሳይሞላ አፈሩ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ተመረቀ ሲሉኝ እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቄ ከፍቼ የምቀምስ፣ የዶዮገና ገበሬ የድንች ዘር ደረሰው ሲሉኝ ጆንያው ውስጥ እጄን የምከት ሰው ሆንኩ። አንድ ኃላፊ ሪባን በተቆረጠበት ቀን ደረቅ ቧንቧ በመዘገቤ ሁለት ሳምንት ከመስክ አገደኝ። ውሃው የመጣው በእገዳዬ መሐል ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

በእነዚያ ዓመታት የኤርሱሞን ቀይ መንገድ ላይ አያት ነበር። ኤርሱሞ የወፍጮ ባለቤት ነው። መኪናዋን በወጣትነቱ ከአንድ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ እንደገዛት ይነገራል። እኔ ጫኝ መኪና ላይ በጆንያ መሐል ተቀምጬ አቧራ ስቅም፣ እሷ ዝቅ ብላ፣ መሬቱን ልሳ የምታልፍ ትመስላለች። ድምፅዋ ከርቀት ይታወቃል። ሚስቱ ታደለች የዳምቦያ ልጅ ናት፤ በበዓል ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ መንገደኛው ሁሉ እጁን ያነሣላቸዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። አቶ ላምቤቦ ወደ ሐዋሳ ተዛውሮ በቦታው ችኩል ኃላፊ መጥቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከዳምቦያ ስልክ ተደወለ፦ ከገበያ የሚመለስ የፈረስ ጋሪ ተገጭቷል፤ ፈረሱ ሞቷል፤ የነጂው እግር ተሰብሯል፤ የገጨው መኪና አምልጧል። በሚኒባስ ደረስኩ። ጋሪ ነጂው ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል አሉኝ። በቦታው የነበሩ ሦስት ሰዎች አነጋገርኩ፤ ሦስቱም መኪናው ቀይ ነው አሉ። አንደኛው «አጭር ነው» ሲል ጨመረ። እኔ ደግሞ፣

«ሁለት በር ናት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይመስለኛል» አለ።

ጥያቄው ውስጥ መልሱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። በማግስቱ የጠዋት ዜና ላይ «የዓይን እማኞች እንደገለጹት አደጋውን አድርሳ ያመለጠችው ቀይ ቀለም ያላት ሁለት በር የስፖርት መኪና ናት» ተብሎ በራሴ ድምፅ ተላለፈ።

የማንንም ስም አልጠራሁም። ኃላፊዬም «ስም የለበትም፤ ይለፍ» ብሎ ፈረመ። በዚያ ዘመን ግን በሀዲያም በከምባታም እንዲህ ያለች መኪና አንድ ብቻ ነበረች። አንድ ብቻ ያለን ነገር መግለጽ ስም ከመጥራት በምን ይለያል? ይህን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው።

ረፋዱ ላይ የወፍጮ ቤቱ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ኤርሱሞ ሁለት ቀን ታስሮ ተጠየቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ነገሩ እስኪጣራ ከሽማግሌነቱ እንዲያርፍ ነገሩት። ታደለች ዳምቦያ ላይ ልቅሶ ልትደርስ ብትሄድ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ቦታ ቀየረ። በሦስተኛው ቀን እውነተኛው መኪና በሌላ ከተማ ተያዘ፤ መብራቱ የተሰበረ፣ የጋሪ እንጨት ስንጣሪ የተሰካበት ቀይ ፒክአፕ ነበር። ነጂውም አመነ። የኤርሱሞ ቀይ ግን አደጋው ከመድረሱ ሳምንት በፊት ጀምሮ ሞተሯ ወርዶ ጋራዥ ውስጥ ነበረች፤ እሱ ይህንኑ ቢናገርም የሰማው አልነበረም።

ማስተካከያ ይነበብ ብዬ ተከራከርኩ። ተነበበም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሰዓት በኋላ፣ በዜናው መጨረሻ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ባለበት ሰዓት። የዚያን ዕለት አቶ ላምቤቦ ከሐዋሳ ደወለልኝ።

«ጋራዡ ከቢሮሽ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?»

«አምስት።»

«አምስት ደቂቃ» አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ይህን ነገር አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ይቅርታ ልጠይቅ ኤርሱሞ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ታደለች ናት። «ስሙን ሳትጠሪ የጠራሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኩ። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጥቂት ቀን ቆይቶ መኪናዋ ተጠግና ከጋራዥ ስትወጣ ኤርሱሞ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ መጋዘን ወሰዳት፤ ሸራ አለበሳት። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ያያት የለም።

በቀረኝ የሥራ ዘመን ሦስት ጊዜ ተሸልሜያለሁ፤ አራት ኃላፊዎች ተፈራርቀውብኛል፤ ሁለት ጊዜ እድገት ተሰጥቶኛል፤ አንዴ ተነጥቄያለሁ። የምኮራው ግን በሌላ ነው። ከዚያ ዜና በኋላ ያልነካሁትን ነገር አንድም ቀን አላስተላለፍኩም። ራሴ አርታኢ ስሆንም የወጣቶቹ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ «ነካኸው?» «ነካሽው?» እያልኩ ጻፍኩ። በስንብቴ ቀን ኬክ ይዘው መጡ፤ በላዩ በክሬም «ነካሽው?» ተብሎ ተጽፎበታል። አንዱ ዘጋቢ «አሁን ቆርሰሽ አረጋግጪ» አለ። በሠላሳ አራት ዓመት እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

የመኪናዋን መሸጥ የነገረኝ መካኒኩ ተስፋዬ ነው። ያን ጊዜ ሞተሯን ያወረደው እሱ ነበር። «ጋሽ ኤርሱሞ ዓይኑ ደክሟል» አለኝ። «አንድ የአዲስ አበባ ደላላ ደግሞ የመኪናዋ ፎቶ ተልኮለት በጉጉት አብዷል። እንደዚህ ያለ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ አለ ይላል። ብትፈልጊ ዛሬ ሂጂ።»

ሄድኩ። በሩን አሁንም ታደለች ከፈተችው። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ወደ ውስጥ ዞር ብላ፣

«ኤርሱሞ፣ ሬዲዮዋ መጣች» አለች።

«ትግባ» አለ ከውስጥ።

ገባሁ። ኤርሱሞ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። መኪናዋን ልገዛ እንደመጣሁ ነገርኩት።

«ለምን?» አለ።

«ስለምወዳት።»

«ይቅርታ ብትዪኝ ኖሮ አልሸጥልሽም ነበር» አለ። «በይቅርታ የተገዛ መኪና ጥሩ አይነዳም።»

ታደለች ቆማ ታዳምጥ ነበር። «እኔ ግን አልጨረስኩም» አለች። «ሆሳዕና ላይ ስሙ ጸድቷል። ዳምቦያ ግን ያንን ማስተካከያችሁን የሰማ ሰው የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ወንድሜ ቤት በሚኒባስ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው። ልጆች ተወልደው አድገው ‹የቀይዋ መኪና ሚስት› ይሉኛል። መኪናዋን የምትፈልጊያት ከሆነ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዳምቦያ ገበያ መሐል ታልፋለች። የምትነጂው አንቺ ነሽ። እሱ ከጎንሽ፣ እኔ ከኋላ። እዚያ ቆመሽ ያልሽውን በአፍሽ ትመልሻለሽ። ከዚያ ውል እንፈራረማለን።»

«ደላላው የበለጠ ገንዘብ ይሰጣል» አልኩ። እውነት ስለሆነ መናገር ነበረብኝ።

«እሱ ዳምቦያ ላይ የሚሰማ አፍ የለውም» አለች ታደለች።

በማግስቱ ነው እንግዲህ ከተስፋዬ ጋር መጋዘኑ የገባነው። ሸራው ላይ የሃያ ዓመት የዱቄት ብናኝ ተኝቷል። አሮጌ መኪና መግዛት ከምርመራ ዘገባ አይለይም፤ ሻጩ የሚናገረውን ትሰማለህ፣ ከዚያ የማይናገረውን ትፈልጋለህ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ በሮቹንና ጭቃ መከላከያዎቹን አንድ በአንድ ነካሁ፤ ቆርቆሮ ከሆነ ይይዛል፣ ከሥሩ ስቱኮ ከተለጠፈበት ይለቃል። ከኋላ ቀኝ ጎማው በላይ አንድ መዳፍ በምታህል ቦታ ለቀቀ።

«እዚህ ስቱኮ አለ» አልኩ።

«አለ» አለ ኤርሱሞ። «ያን ሰሞን የተወረወረው ድንጋይ ነው። ከጋራዥ ስትወጣ ነው የወረወሩባት፤ እዚሁ መጋዘን ውስጥ አስለጠፍኩት።»

ጻፍኩት። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ አንድ ነው። ተስፋዬ የዘይት መለኪያውን መዝዞ አየና ወደ ኤርሱሞ ዞረ።

«ጋሽዬ፣ ይህ ዘይት የሃያ ዓመት አይደለም።»

«በየዓመቱ እቀይራለሁ። በየሳምንቱም አስነሣታለሁ፤ ሩብ ሰዓት።»

«ሳይነዷት?»

«ማን ላይ ልንዳት?»

እኔ በሩን ከፍቼ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን በባትሪ አብርቼ አነበብኩ። ሁሉም የአሮጌ መኪና ገዢ የማያምነው ቁጥር ይህ ነው። ኤርሱሞ ሊብሬው ውስጥ አጥፎ ያስቀመጠውን ወረቀት ሰጠኝ፤ የጋራዡ የሥራ ማዘዣ ነው፣ በተስፋዬ እጅ የተጻፈ። የገባችበት ቀን፣ «ሞተር ወርዷል» የሚል ቃል፣ ከሥሩም የኪሎ ሜትሩ ቁጥር። መቁጠሪያው ላይ ካለው ጋር አስተያየሁ። ልዩነቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ነበር፤ ለሙከራ ዞራ ከጋራዥ እስከ መጋዘን የመጣችበት።

ወረቀቱን በጣቴ ይዤ ቆየሁ። ይህ ወረቀት ያን ጊዜም ነበረ። ከቢሮዬ በአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ።

ሰልባትዮው ዝጎ ስለነበር ታጠበ፤ የፍሬን ላስቲኮቹ ተቀየሩ፤ ጎማዎቹ ለዓይን ደህና ቢመስሉም በጣት ሲጫኗቸው ይሰነጠቃሉ፤ አራቱም ተጣሉ። ምርመራ አልፋ ቦሎ እስክታገኝ ስድስት ሳምንት ሄደ። የጎማውን ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ውል ግን የለንም። ሩት ሰምታ «የሰው መኪና ጫማ ገዝተሽ አለበስሽ» አለችኝ። በመሐል ደላላው ሁለት ጊዜ ደወለ። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩን ያነሣችው ታደለች ናት፤ «መኪናዋ ቀጠሮ አላት» ብላ ዘጋችው።

በገበያው ቀን ጠዋት ተነሣን። ታደለች የኋላው ወንበር ላይ ጉልበቷን አገጯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች፤ እቅፏ ላይ ለወንድሟ የያዘችው ቅቤ አለ። እኔ መሪውን ያዝኩ። ኤርሱሞ ከጎኔ ሆኖ ዓይኑ ባያይም ጆሮው ይነዳል።

«ማርሹን አሁን» ይላል። «አትቸኩዪ፤ ፍሪሲዮኗን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። አሁን ነዳጅ ስጫት።»

ሰጠኋት። የአንጋጫን ዳገት እንደ ፍየል ወጣችው። ያን ጊዜ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ድምፅ ከእግሬ ሥር ይመጣ ነበር።

«እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት።»

«ሬዲዮ ላይ ቃል ይበዛሽ ነበር» አለ፤ ፈገግ ሲል ያየሁት የመጀመሪያው ነው።

ዳምቦያ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። በሰው መሐል በእግር ፍጥነት ነዳሁ። ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ያነሡናል። አንዲት ሴትዮ በከምባትኛ «ያችው ናት እኮ» ስትል ሰማሁ። ኤርሱሞም ሰምቷል። እህል ሻጮቹ አጠገብ ሰፊ ቦታ ላይ አቆምኩና ወረድኩ። የምናገረውን በአንድ ገጽ ጽፌ ነበር። በከምባትኛ ጀመርኩ።

«ስሜ አስቴር ይባላል። የዛሬ ሃያ ዓመት በሬዲዮ ስለ አንድ የጋሪ አደጋ…»

«ድምፅሽን እናውቀዋለን» አለ አንድ እህል ሻጭ። «ገጨች ያልሻት መኪና ይህች አይደለችም እንዴ? ምን አመጣት?»

«አልገጨችም። የዚያን ቀን ሞተሯ ወርዶ ጋራዥ ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ጉምጉም አለ። «ዛሬ ምን ከፈሏት?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አንዳንዱ ሳቀ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ተሰድቤያለሁ፤ አያስደነግጠኝም። ግን ገጹን ጨርሼ ባነበው ኖሮ ማንም እንደማያምነኝ ገባኝ። በእኔ አፍ የተበላሸ ነገር በእኔ አፍ ብቻ አይድንም።

ያኔ በዱላ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ሰዉን እየከፈለ መጣ። ቀኝ እግሩ አይታጠፍም። ኮፈኑ ጋ ደርሶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ገጨችኝ የተባለችው ይህች ናት?» አለ።

ጋሪ ነጂው ማቴዎስ ነበር። ሃያ ዓመት ስሙን አውቀዋለሁ፤ ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ግን እዚያ ገበያ ላይ ነው።

«ይህች አይደለችም አባቴ» አልኩት።

«እሱንማ እኔ አውቃለሁ» አለ። «ፒክአፕ ነው የገጨኝ። ጀርባው ላይ የሙዝ ቅርጫት ጭኗል። ሲመጣ አይቼዋለሁ።»

«ለማን ተናገሩ?»

«ለሁሉም። ሆስፒታል ለነርሷ ተናገርኩ። ቤት ስመለስ ለጎረቤት ተናገርኩ። ‹አንተ ራስህን ስተህ ነበር፣ ሬዲዮ ነው የሚያውቀው› አሉኝ። ከዚያ ተውኩት። ሬዲዮ ከተናገረ በኋላ እኔ ማን ነኝ?»

የጻፍኩትን ገጽ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«አባቴ፣ ልጠይቅዎት?»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ዘግይቻለሁ።»

«ጠይቂ እንግዲህ።»

ጠየቅሁት። መልስ ያላስቀመጥኩበትን ጥያቄ ብቻ፣ ሰዉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከየት ይመጡ ነበር? ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? መጀመሪያ ምን ሰሙ? ምን አዩ? እሱም አንድ በአንድ መለሰ። ፈረሱ ጆሮውን እንዴት እንዳቆመ፣ ልጓሙን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ የፒክአፑ ነጂ እንዴት አንገቱን አውጥቶ አይቶት እንደሄደ። ስለ ፈረሱ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ስለ እግሩ ሲናገር አልተሰበረም። ከሚሰሙት መሐል አንድ የእሱ እኩያ «ሙዝ የጫነውን እኔም አይቻለሁ፤ የጠየቀኝ የለም» አለ። እሱንም ጠየቅሁ። ቅድም «ምን ከፈሏት» ያለው ድምፅ አልተመለሰም።

ማቴዎስ ወደ መኪናዋ ዞረ። በአፍንጫዋ ጎን ቆሞ ቁመቷን ከዱላው ጋር ለካ።

«ደግሞስ እዩአት» አለ ለሰዉ። «እህል የጫነ ጋሪዬን ይህች ብትነካው የምትሰበረው እሷ ነበረች።»

ገበያው ሳቀ። ኤርሱሞ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «ስለ ፈረስህ አዝኛለሁ» አለ ኤርሱሞ። «እኔም ስለ ስምህ» አለ ማቴዎስ። ከዚያ ስለ ጎማዋ ይጠያየቁ ጀመር።

ወደ መኪናዋ ስንመለስ ኤርሱሞ የመቀመጫውን ቀበቶ እየፈለገ፣ «አስቴር፣ ዋጋው ጨምሯል» አለኝ።

«ለምን?»

«ቅድም የምሸጥልሽ የተከሰሰች መኪና ነበረች። አሁን ንጹሕ ናት።»

«ስንት ጨመረ?»

«ለመሳላ፣ ለከምባታው የመስቀል በዓል፣ በየዓመቱ ታመጪናለሽ። በሕይወት እስካለን።»

«ተስማምቻለሁ።»

«ጻፊው፤ ትረሺዋለሽ» አለች ታደለች ከኋላ። ጻፍኩት።

የወንድሟ ቤት ከገበያው ብዙም አይርቅም። አጥሩ ጋ ሳንደርስ ልጆች ቀድመውን ሮጠው ነግረዋል። ወንድሟ ጋቢውን እያጣፋ ወጣና መንገዱ ላይ ቆመ። ታደለችን ከኋላ ወንበር ለማውጣት የፊቱን ወንበር አጥፌ እጇን መጎተት ነበረብኝ። ቅቤዋን ይዛ፣ ወገቧን አቀናች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«በምን መጣችሁ?» አላት ወንድሟ፣ መኪናዋ ፊቱ ቆማ እያለ።

«በመኪናችን» አለች።

ውሉን የምንፈራረመው በማግስቱ ስለነበር፣ ያለችው በዚያ ሰዓት ትክክል ነበር። አላረምኳትም።